ኦሎምፒያ ድረስ፦ ለቤት ኪራይ ሕግ እንዴት እንሟገት?

በዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ ከሆነ ኪራያችሁ በዓመት ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል የሚወስነው የሲያትል ከተማ ምክር ቤት አይደለም። የሬንተን ወይም የኬንት ከንቲባም አይደለም። ከ1981 ጀምሮ የቆየ የስቴት ሕግ ከተሞችና ካውንቲዎች በኪራይ ዋጋ ላይ ጣሪያ እንዳያበጁ ይከለክላል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚቋጨው ከሲያትል ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኦሎምፒያ በሚገኘው የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው።

እዚያ የሄደ ሰው ባዶ እጁን እንደማይመለስ በ2025 ታይቷል። ቁጥር 1217 የተሰጠው ረቂቅ ሕግ በዚያ ዓመት ሜይ 7 ቀን በአገረ ገዥ ቦብ ፈርጉሰን ፊርማ ሕግ ሆነ። አከራይ በ12 ወር ውስጥ ሊጨምር የሚችለው በዋጋ ንረቱ ላይ 7 በመቶ ተደምሮ የሚመጣውን ወይም 10 በመቶን ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይጸናል። ተከራይ ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 12 ወራት ኪራይ መጨመር አይቻልም። ጭማሪ ሲኖርም ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መነገር አለበት።

ይህ ሕግ ግን በአንድ ክረምት የተገኘ አይደለም። ተመሳሳይ ሐሳብ በ2023 ቀርቦ ወድቋል። በ2024 በቁጥር 2114 ተመልሶ የተወካዮች ምክር ቤቱን ካለፈ በኋላ በሴኔቱ የገንዘብ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ በዚያው ቀረ። በ2025 ደግሞ ሴኔቱ አላልቶት ስለነበር ሁለቱ ምክር ቤቶች አስታራቂ ኮሚቴ እስኪያቋቁሙ ድረስ ተጓተተ። የጸደቀው በጉባኤው የመጨረሻ ቀን፣ ኤፕሪል 27 ነው። እኛ ዘንድ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መሆኑ ነው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የእኛ ማኅበረሰብ አንድ ቀን አውቶቡስ ሞልቶ መሄድ ይችልበታል። ረቂቁ በጸጥታ የሚሞተው ግን አውቶቡሱ ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ፣ ካሜራም ጭብጨባም በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚጠቅማችሁ እስከዚያ ክፍል ድረስ ለመከተል ከቆረጣችሁ ነው።

ምን እንደምትጠይቁ ለዩ

«ኪራይ ናረብን» ብሎ የሄደ ሰው በአክብሮት ይሸኛል እንጂ የሚሠራለት ነገር የለም። ሕግ አውጪው ማወቅ የሚፈልገው የትኛውን ረቂቅ እንደምትደግፉ፣ የትኛው አንቀጽ እንዲቀየር እንደምትፈልጉ፣ ለየትኛው ፈንድ ስንት ዶላር እንዲመደብ እንደምትጠይቁ ነው። በኦሎምፒያ የቤት ጉዳይ በሦስት በር ይገባል።

አንደኛው የተከራይ ጥበቃ ነው፤ 1217 የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዋሽንግተን ከ1986 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት የሚሠራበት የቤቶች ትረስት ፈንድ አላት፤ በየጊዜው ስንት እንደሚገባበት የሚወሰነው በካፒታል በጀቱ ነው። ሦስተኛው የመሬት አጠቃቀም ነው። በ2023 የወጣው ሕግ ቁጥር 1110፣ 75,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ቀድሞ አንድ ቤት ብቻ ይፈቀድበት በነበረ ቦታ ላይ ቢያንስ አራት መኖሪያ እንዲፈቅዱ አስገድዷል። የስቴቱ የንግድ መሥሪያ ቤት በ20 ዓመት ውስጥ 1.1 ሚሊዮን አዳዲስ ቤቶች እንደሚያስፈልጉ ስለገመተ፣ ሦስቱም በሮች አስፈላጊ ናቸው።

እናንተ ግን ለአንድ ዘመቻ አንዱን ብቻ ያዙ። እድራችሁ ውስጥ የሚበዙት ጡረተኞች ከሆኑ ትረስት ፈንዱ ይሻላል፤ ያለ ሕዝብ ገንዘብ አዛውንት በጡረታ አበል ሊከፍሉት የሚችሉት አፓርትመንት አይሠራም። ሲያትል ሬይኒየር አቬኑ ላይ የቆመው ኢትዮጵያን ቪሌጅ፣ 90 መኖሪያዎች ያሉት የአረጋውያን ሕንፃ፣ ማኅበረሰባችን ይህን ማስፈጸም እንደሚችል በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው። ልጆች የሚያሳድጉ ተከራዮች ከበዙ ደግሞ የተከራይ ጥበቃውን ያዙ።

ዜግነት ያስፈልጋል ወይ?

በየስብሰባው መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ አያስፈልግም ነው። በኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለመናገር፣ ለሴናተር ለመጻፍና ለመደወል ዜጋ ወይም መራጭ መሆን ግድ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ጥገኝነት ጠይቆ ወረቀቱን የሚጠብቀውም በወረዳው እስከኖረ ድረስ ነዋሪ ነው፤ የወረዳው ተወካይ የእርሱም ተወካይ ናቸው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ማድረግ የሌለበት ለመራጭነት መመዝገብና ድምፅ መስጠት ነው። በየድጋፍ ፊርማው ጠረጴዛ ላይ የመራጭ ምዝገባ ቅጽ አብሮ ሊቀርብ ስለሚችል፣ አስተባባሪዎች ይህን ለወጣቶችም ለአዛውንትም በግልጽ ንገሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ኮሚቴ ፊት የተነገረና የተጻፈ ሁሉ የሕዝብ መዝገብ ይሆናል፤ ስብሰባውም ቲቪደብልዩ በተባለው ጣቢያ ተላልፎ ይቀመጣል። ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ሰው፣ ወይም ከሚያስፈራት ሰው ሸሽታ የተደበቀች ሴት፣ በስማቸው ባይቀርቡ ይሻላል። ታሪካቸውን ስማቸውን ሳይጠቅስ የእድሩ ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ ሊናገርላቸው ይችላል።

የምክር ቤቱን አቆጣጠር ከእኛ በዓላት ጋር አስተያዩት

ጉባኤው የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው። በፈረንጆች ጎዶሎ ቁጥር ዓመት 105 ቀን፣ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን ብቻ ይቀመጣል። የ2027ን ጉባኤ ብንወስድ ጃንዋሪ 11፣ ገና ባለፈ በአራተኛው ቀን ይከፈታል። ጥምቀት በሚውልበት ሳምንት የኮሚቴ ስብሰባዎች በሙሉ ኃይል ይካሄዳሉ። በፌብሩዋሪና በማርች የመቁረጫ ቀኖች ይደርሳሉ፤ ይኸውም ረቂቁ በዚያ ቀን ከኮሚቴው ወይም ከምክር ቤቱ ካልወጣ ለዚያ ዓመት አበቃለት ማለት ነው። ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የሚገቡት በእነዚሁ ወራት ስለሆነ፣ ማን በየትኛው ሳምንት መጓዝ እንደሚችል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። 105ኛው ቀን ኤፕሪል 25 ነው፤ ሆሳዕና። ሰዎቻችን በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ስልክ ለመደወል የማይመቻቸው ከሆነ ተራውን ለሌላው አከፋፍሉ።

በጀቱ ለሁለት ዓመት የሚጸድቀው በረጅሙ ጉባኤ ነው። የትረስት ፈንድ ጥያቄ ያላችሁ ዋናውን ጉልበት ለጎዶሎው ዓመት አስቀምጡ።

ከጉባኤው በፊት ያለው ትውውቅ

ስቴቱ በ49 የምርጫ ወረዳዎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች አሉት፤ ስለዚህ ማንኛችሁም ሦስት ሰዎች አሏችሁ። አድራሻችሁን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ወረዳችሁ ይወጣል። በሬይኒየር ቫሊ ያለው ወገናችን በአብዛኛው በ37ኛው ወረዳ ነው፤ ቱክዊላ፣ ኬንት፣ ሾርላይንና ሊንዉድ ያለው ደግሞ በሌሎች ወረዳዎች ተበትኗል። የእድር አባላትን ዝርዝር አውጥታችሁ ከየስሙ ጎን የወረዳውን ቁጥር ጻፉ። መበተናችንን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጥንካሬ ነው፤ አንድ ማኅበር በስድስት ወይም በሰባት ወረዳ ነዋሪ ካለው አሥራ ስምንትና ከዚያ በላይ ሕግ አውጪዎች «የወረዳዬ ሰው» ብለው ይሰሙታል።

ለመተዋወቅ ምርጡ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ እስከ ኅዳር ነው። ሕግ አውጪዎቹ በወረዳቸው ናቸው፤ ጊዜም አላቸው። ቀጠሮ የምትይዙት ከረዳታቸው ጋር ነው፤ ያንን ረዳት በስሙ እወቁት፣ አክብሩት፤ በማርች ወር የአለቃውን ጆሮ የሚያስገኝላችሁ እርሱ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሂዱ። አንዱ ይናገር፣ አንዱ ማስታወሻ ይያዝ፣ የቀሩት የራሳቸውን ኑሮ ያስረዱ። የምትጠይቁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተዉላቸው። በመጨረሻ «ይደግፉታል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። እኛ ባህላችን ስለሆነ ታላቅ ሰውን በቀጥታ መጠየቅ ይከብደናል፤ እነርሱ ግን እንደ ድፍረት አያዩትም፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ አይመልስም።

ከተቻለ እናንተ ዘንድ ጋብዟቸው። የአረጋውያን ሕንፃውን ይዩ፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ ሰዎችን ያግኙ። የምግብ ግብዣ ከሆነ ግን ስለ ስጦታ የሚከለክላቸው የሥነ ምግባር ሕግ ስላለ ረዳታቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ረቂቁን ማንበብ

ረቂቅ ሕጎች ከዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ ቀድመው መግባት ይጀምራሉ። የረቂቁን ቁጥር በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፦ የረቂቁ ሙሉ ቃል፣ የምክር ቤቱ ሠራተኞች በቀላል ቋንቋ የጻፉት ማብራሪያ፣ እና መንግሥትን ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚገልጽ የወጪ ግምት። ሕግ ያልተማረ ሰው ማብራሪያውን ያንብብ፤ ይበቃዋል። በዚያ ላይ በኮሚቴ ስብሰባ የተደመጡ የድጋፍና የተቃውሞ ነጥቦችም ተጠቃለው ይቀመጣሉ።

የሚመለከታችሁ አንቀጽ ማን ከሕጉ ውጭ እንደሚሆን የሚዘረዝረው ነው። በ1217 ላይ ለምሳሌ የመጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዱ ከተሰጠ 12 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ከጣሪያው ነፃ ነው። በአዲስ አፓርትመንት የምትኖሩ ሰዎች በደስታ ጨፍራችሁ በኋላ «እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ የሚመጣባችሁ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሳታነቡ ስትቀሩ ነው።

ኮሚቴ ፊት መናገር

አጀንዳው ከቀናት በፊት ይወጣል፤ ሊለወጥም ይችላል። ለመናገር የሚመዘገበው በድረ ገጹ ነው፣ ስብሰባው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል። በአካል መቅረብ ወይም ከቤት ሆኖ በዙም መናገር ይቻላል። ለሊፍትና ለኡበር ነጂዎች፣ ለሆስፒታል ሠራተኞች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መኪናችሁን አቁማችሁ ከፓርኪንግ ሆናችሁ መናገር ትችላላችሁ። መናገር የማይፈልግ ሰው «እደግፋለሁ» ብሎ ስሙን ብቻ ማስመዝገብ ይችላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ ስብሰባው ከተጀመረ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። አንድ እድር ሁለት መቶ ሰው በድጋፍ ካስመዘገበ ቁጥሩን የኮሚቴው አባላት ያዩታል። ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የምንረሳው ይኸው ነው።

ተናጋሪው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የእኛ የሰላምታ ሥርዓት እዚያ አይሆንም። ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ብዙ ጊዜ ላልወስድባችሁ ሲባል ደቂቃው ያልቃል። እንዲህ ያለ ቅርጽ ይዛችሁ ተለማመዱ፦

«ክቡር ሰብሳቢና የኮሚቴው አባላት፣ ስሜ እገሌ ነው፤ የምኖረው ቱክዊላ ነው። ረቂቅ ቁጥር ይህን እደግፋለሁ። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ኪራዬ ከዚህ ያህል ወደዚህ ያህል ከፍ አለ፤ ደመወዜ ግን የተጨመረው ይህን ያህል ነው። ልዩነቱን ለመሙላት የሌሊት ፈረቃ ጨመርኩ፤ ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ መሆኔ ቀረ። ጣሪያው እንዳይላላ እለምናለሁ። አመሰግናለሁ።»

ስም፣ ከተማ፣ አቋም፣ ሁለት ቁጥር፣ አንድ የኑሮ ለውጥ፣ አንድ ጥያቄ። ከዚህ በላይ አትጨምሩ። የአከራያችሁን ስምና የሕንፃውን ስም አታንሱ፤ የምትከራከሩት ስለ ሕጉ ነው፣ ከሰውየው ጋር ያላችሁን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ቦታ ታያላችሁ።

በአማርኛ መናገር የሚፈልጉ እናትና አባት ካሉ ከኮሚቴው ሠራተኞች ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋግራችሁ አስተርጓሚና ተጨማሪ ጊዜ ጠይቁ። የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም ከማድረግ ይልቅ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፤ አያት ስለ ገንዘብ ማጣቷ በልጇ ልጅ አንደበት ስትናገር እውነቱን ታሳንሳለች።

ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ልጨምር። ብዙዎቻችን ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር እንደሆነ ተምረን አድገናል፤ ካደግንበት አገርም ባለሥልጣን ፊት ስምን ማስመዝገብ የሚያስከትለውን ፍርሃት ይዘን መጥተናል። ይህን የሚሰማውን ሰው አትገፋፉት፣ አትውቀሱት። ይልቁንም አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ በጽሑፍ እንዲያስገባ እርዱት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለትም ከዚያው ከባህላችን ነው።

ተቃዋሚው ምን እንደሚል እወቁ

ከእናንተ ቀጥሎ የሚናገረው የአከራዮች ወይም የግንባታ ድርጅቶች ወኪል ሊሆን ይችላል። ዋና ነጥቡ ጣሪያ ከተበጀ ባለሀብት ቤት መሥራት ያቆማል የሚል ነው። ይህ ዝም ብሎ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ የ12 ዓመቱ ነፃነት ሕጉ ውስጥ የገባው ለዚሁ መልስ ነው። «አዲስ ግንባታ ለ12 ዓመት ነፃ ነው፣ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ እስከ ጣሪያው ድረስ መጨመር ይቻላል» ብሎ መመለስ የሚችል ሰው ይደመጣል። ከእኛ መካከልም ዕድሜ ልኩን ታክሲ ነድቶ የገዛውን ሁለተኛ ቤት የሚያከራይ አለ። እርሱንም ከዘመቻው በፊት አነጋግሩት። ስጋቱን የሰማችሁለት አነስተኛ አከራይ ወጥቶ «ይህ ጣሪያ አይጎዳኝም» ቢል ከሃያ ተከራይ ምስክርነት ይልቅ ኮሚቴውን ያነቃዋል።

ጭብጨባው ካለቀ በኋላ

የምክር ቤቱ የቤቶች ኮሚቴ ሕዝቡን ካዳመጠ በኋላ በሌላ ቀን ድምፅ ይሰጣል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ረቂቁ ወደ ገንዘብ ኮሚቴ ይሄዳል፤ በተወካዮች ምክር ቤት አፕሮፕሪየሽንስ፣ በሴኔቱ ዌይስ ኤንድ ሚንስ ይባላል። ከዚያ ሩልስ የተባለው ኮሚቴ የትኛው ረቂቅ ወደ መላው ምክር ቤት እንደሚወጣ ይመርጣል። ከዚያ ክርክርና ማሻሻያ፣ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ በሁለተኛው ምክር ቤት እንደገና ከመጀመሪያው።

የ2024ቱ 2114 የቀረው በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱን ምክር ቤት አልፎ፣ በሁለተኛው የገንዘብ ኮሚቴ ውስጥ ለድምፅ ሳይበቃ ሰዓቱ አለቀበት። በይፋ «አይሆንም» የሚል ድምፅ አልተሰጠም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ የሚጠበቅባችሁ ብዙ ሰው ማሰለፍ ሳይሆን ጥቂት ሰው በተራ ማስቀመጥ ነው። በእድሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ረቂቁ ዛሬ የት ክፍል እንዳለ በየጠዋቱ ይከታተሉ፤ የኮሚቴውን አባላት ስም ከወረዳ ዝርዝራችሁ ጋር ያስተያዩ፤ የዚያ ወረዳ ነዋሪዎች ለሆኑት አባላት ብቻ በቴሌግራም መልእክት ይላኩ። የምክር ቤቱ ነፃ የስልክ መስመር 1-800-562-6000 ነው። ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የረቂቁን ቁጥርና «እደግፋለሁ» የሚለውን ትናገራላችሁ፤ መልእክቱ ለሦስቱም ሕግ አውጪዎቻችሁ ይደርሳል። ከሌላ ወረዳ የመጣ መቶ ጥሪ ከወረዳው ነዋሪ አሥር ጥሪ ያነሰ ክብደት አለው።

ማሻሻያ ሲመጣ ደግሞ ንቁ። በ2025 ሴኔቱ ጣሪያውን ከ7 በመቶ ከፍ ሲያደርገው ስሙ ያው ረቂቅ 1217 ነበር። «1217ን ደግፉ» የሚለው መልእክት ያኔ አይበቃም፤ «ጣሪያው ወደ 7 በመቶ ይመለስ» ማለት ያስፈልግ ነበር። መልእክታችሁን በየሳምንቱ አድሱ።

በዚህ ሁሉ ብቻችሁን አይደላችሁም። የዋሽንግተን ሎው ኢንካም ሀውሲንግ አላያንስ በየዓመቱ በጉባኤው ወቅት የቤት ጉዳይ የድጋፍ ቀን ያዘጋጃል፤ ከየወረዳው የመጡ ሰዎችን ከሕግ አውጪዎቻቸው ጋር ያገናኛል። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከእነርሱ ጋር ቢሆን መንገዱን ትማራላችሁ።

እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ

«ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ስለ ሕግ መናገር አይችልም» የሚል ወሬ በየሰበካው ይሰማል፤ ልክ አይደለም። ከፌዴራል ግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ወይም የእምነት ድርጅት የሥራው ጉልህ ክፍል እስካልሆነ ድረስ አንድን ረቂቅ ሕግ መደገፍ ይችላል። ፈጽሞ የተከለከለው እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ ማለት ነው። ስለዚህ በዓውደ ምሕረት ስለ ረቂቁ ማስታወቂያ ይነገር፤ የእጩ ስም ግን አይነሳ። ጥርጣሬ ካለ የድርጅቱን ሒሳብ ሠራተኛ አማክሩ፤ ያጠፋችሁትን ሰዓትና ወጪ መዝግባችሁ አስቀምጡ።

ከፊርማው በኋላ

ጉባኤው እያለ የደረሰውን ረቂቅ አገረ ገዥው በ5 ቀን፣ ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ የደረሰውን በ20 ቀን ውስጥ ይወስኑበታል፤ እሑድ አይቆጠርም። ከፊሉን አንቀጽ ብቻ መሻርም ይችላሉ። በእነዚያ ቀናት ለአገረ ገዥው ቢሮ መጻፍ አይቅር።

ሕጉ ከወጣ ቀጥሎ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ሕጉን ያላወቀ ተከራይ 15 በመቶ ጭማሪ ሲመጣበት ከፍሎ ዝም ይላል። የጭማሪ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቀኑን ይቁጠር፣ በመቶኛ ያስላ፤ ካለፈ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ካልተስተካከለ ለስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ያመልክት። የዓመቱን ጣሪያ የስቴቱ የንግድ መሥሪያ ቤት ያወጣዋል። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ አዘጋጅታችሁ በየገበያውና በየቡና ቤቱ ለጥፉት።

የደረሱባችሁን ደብዳቤዎች ቅጂ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ ስም ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ጣሪያው ጁላይ 1፣ 2040 ያበቃል፤ ከዚያ በፊትም ማሻሻያ የሚያመጡ ወገኖች አይጠፉም። አከራይ ጭማሪውን ክፍያ፣ ፓርኪንግ፣ የቆሻሻ ማንሻ እያለ በሌላ ስም ማስገባት ከጀመረ፣ ለቀጣዩ ረቂቅ የሚያስፈልገው ማስረጃ ያ ፋይል ነው። በኅዳር ወር ለሦስቱ ሕግ አውጪዎቻችሁ አድርሱት፤ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ ረቂቆች መግባት ሲጀምሩ የእናንተ ጉዳይ ጠረጴዛቸው ላይ ይገኝ።